የጎረቤቴን ፍርስራሽ ስለ ወረሰው ቤቴ

ለነባር ሕንፃዎች ምዝገባና ደህንነት ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፤
ሕዝቡም እንዲያነበው በግልጽ የተጻፈ።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለመላ አካላትዎ ጤንነትን፣ ለዓይንዎ ደግሞ ከሌላው አካልዎ አብልጬ ብርታትን እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ቤቴም ደህና ነው። የቤትን ደህንነት በሰላምታ ውስጥ መግለጽ የደብዳቤ ሥርዓት እንዳልሆነ ባውቅም፣ ክቡርነትዎ ፈርሷል ብለው ስለ ፈረሙበት በዝምታ ባልፈው ጨዋነት የጎደለኝ መስሎ ታየኝ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት ዕድሜዬን የጨረስኩ፣ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ፣ በአሮጌው መንገድ አሥራ ሰባት ቁጥር ቤት ከባለቤቴ ጋር የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ቤቱን አባቴ በድንጋይ አሠርቶታል፤ እኔም በውስጡ ተወልጄ አርጅቼበታለሁ። ከእኔ ቀጥላ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ትኖራለች፤ ከእርሷ ቀጥሎ ያለው ባለ ሰማያዊ መስኮት ሕንፃ የክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት ነው። ከጠረጴዛዎ ቀና ቢሉ በረንዳዬን፣ በረንዳዬም ላይ የተሰጣውን የባለቤቴን ሻርፕ ያዩታል። ይህን ያህል ጎረቤታሞች ሆነን በደብዳቤ መነጋገራችን የዘመኑን ሥልጣኔ ያሳያልና ደስ ሊለን ይገባል።

ቅሬታ የሚለው ቃል ለባለሥልጣን ጆሮ ስለሚከብድ የሚከተሉትን ምስጋና ብያቸዋለሁ፤ በተራ ቁጥርም አስቀምጫቸዋለሁ።

አንደኛ፦ ባለፈው ዓመት በአሮጌው መንገድ ላይ ያለ ሕንፃ ሁሉ ፎቶግራፍ እንዲቀርብለት በበራችን ላይ ስለ ለጠፋችሁት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። ትእዛዝን በግማሽ ልብ መፈጸም ባደግሁበት ቤትም ሆነ በተማርኩበት ትምህርት ቤት በልምጭ የሚያስቀጣ ነበርና፣ እንደ ሌላው ሰው በስልክ ቀጭ አድርጌ አልላክሁም። ፎቶ ቤት ያለው ወዳጄ ማለዳ መጥቶ፣ ፀሐይ ከፊት ለፊቱ ጣሪያ በላይ እስክትወጣ ጠብቆ፣ የግንቡን ድንጋይ፣ የበረንዳውን ብረት፣ አባቴ ከበሩ በላይ ያስቀረጸውን ዓመተ ምሕረት ሳይቀር ለቅሞ አነሣልኝ። ፎቶው ያለበትን ፍላሽ ይዤ ወደ እናንተ በመጣሁ ጊዜ የመዝገብ ቤትዎ ሠራተኛ ኮምፒውተሯ ላይ ሰክታ ጥቂት ከተመለከተች በኋላ፣ «አባባ፣ የእርስዎ ፎቶማ ከባድ ነው» አለችኝ። እኔ ሞኙ አድናቆት መስሎኝ «የአባቴ ቤት ነዋ፣ ልጄ!» ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። መጠኑ ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ ወደ መዝገቡ አልገባ ማለቱን፣ እስኪቀነስ ድረስ ወደ ጎን መደረጉን፣ ከዚያም እንደ ሙት ዕቃ መረሳቱን የተረዳሁት እጅግ ዘግይቼ ነው። ልብስ ሰፊዋም በስልኳ ያነሣችው ግማሹን አውራ ጣቷ ሸፍኖት ስለ ነበር ሳይመዘገብላት ቀረ። «ጋሼ፣ የእኔስ ጣት ገብቶበት ነው፤ የእርስዎ ምን ገብቶበት ነው የተጣለው?» ብላ ብትጠይቀኝ «ኩራት» ብዬ መልሼላታለሁ።

ሁለተኛ፦ የኮምፒውተር ባለሙያዎ በነፃ ስላስተማሩኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። እንደ ነገሩኝ ከሆነ መጀመሪያ ፎቶግራፎቹ ሁሉ ዳታቤዝ በሚሉት የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ፣ ከየቤቱ ቁጥርና ከባለቤቱ ስም ጎን ተከተቱ። ዳታቤዙም እንደ ሆዳም ሰው ከቀን ወደ ቀን ወፈረ፤ ሠራተኞቹ ጠዋት ሊከፍቱት ተጭነው፣ ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ገና እያማጠ ይጠብቃቸው ጀመር፤ በመጨረሻም ጭራሽ አልከፈትም አለ። ስለዚህ ሥዕሎቹን አውጥተው ከውጭ በአንድ ፎልደር አኖሯቸውና በመዝገቡ ላይ የየፎቶግራፉን አድራሻ ብቻ አስቀሩ። ይህ የሚያስመሰግን ዘዴ ነው፤ እኔም የበሬ ስርቆት ክስ ስመዘግብ የታሰረበትን በረት ጻፍኩ እንጂ በሬውን መዝገቡ ውስጥ አልከተትኩም።

ችግሩ የሚመጣው አድራሻው ባዶ የሆነ ቤት ሲደርስ ነው። ከመዝገቡ የሚታተመው ሪፖርት ለእያንዳንዱ ቤት ሥዕል የሚያሳይበት አንድ ማዕዘን አለው። አድራሻ ሲሰጡት ሥዕሉን ያመጣል። ባዶ ሲሰጡት ግን «ራስህን አጽዳ» ብሎ ያዘዘው ስለሌለ፣ ከፊተኛው ቤት ይዞት የመጣውን ሥዕል እንዳቀፈ ይቀራል፤ የራሱ ሥዕል ያለው ሌላ ቤት እስኪያገኝ ድረስም አይለቀውም። «ስለዚህ አባባ፣ የእርስዎ ቤት የአሥራ ስድስት ቁጥርን ፎቶ ነው ያሳየው፤ አንዲት መስመር ትእዛዝ ነች የጎደለችው» አሉኝ። አንዲት መስመር! ባለሙያው ስሕተቱን አልሸሸጉም፤ ለማረምም እጃቸው አልሰነፈም። ነገር ግን የታተመና የጸደቀ ሪፖርት ያለ ክቡርነትዎ ፈቃድ እንዳይነኩ ተነግሯቸዋል።

አሥራ ስድስት ቁጥርን ላላዩ አንባቢዎች ትንሽ ልበል። ባለቤቱን የሠፈሩ ሰው «አቶ ነገ» ይላቸዋል፤ ጣሪያውን መቼ ሊያድሱት እንደሆነ በተጠየቁ ቁጥር የሚሰጡት መልስ አንድ ስለሆነ። ጣሪያው ወደ ውስጥ ከሰመጠ ቆይቷል። ከሳሎኑ መካከል የበቀለ የበለስ ዛፍ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ደረጃው ላይ ድመቶች ይወልዱበታል። ይህ ሁሉ ሀብት ዛሬ በጽሕፈት ቤትዎ ሪፖርት መሠረት የእኔ ነው። ጎረቤቴ ሳይሞቱ አወረሱኝ።

ሦስተኛ፦ የሕንፃ ደህንነት ኮሚቴው ጉዳያችንን ላየበት ጥልቅ ትኩረት አመሰግናለሁ። የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ባለጉዳይ ነህ ተብዬ ስለ ተሰጠኝ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ሪፖርቱ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ሲታይ፣ ብርሃኑ ሥዕሉን እንዳያደበዝዘው የአዳራሹ መጋረጃ ተጋረደ። መጋረጃው ባይጋረድ ኖሮ ቤቱ ራሱ በመስኮቱ ይታይ ነበር። አንድ የተከበሩ አባል «እነዚህ ተከታታይ ቤቶች እጅግ ይመሳሰላሉ» ብለው ሲደነቁ፣ ሌላው የተከበሩ አባል «በአንድ ዘመን የተሠሩ ስለሆኑ ነው» ብለው አስረዷቸው። አንዲት የተከበሩ አባል ደግሞ ቤቶቹ ፈርሰው ዛፎቹ ቢተርፉ መልካም እንደሚሆን አሳሰቡ፤ በዚህም ላይ ግማሽ ገጽ የፈጀ ውይይት ተደረገ። ስለ ሰዎቹ የተባለ ነገር ፈልጌ አጣሁ። አባቶቻችን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ያሉት ሞኝነትን ለመግለጽ ነበር፤ የእናንተ ኮሚቴ ግን ላሟ ባልዋለችበት ኩበቱን ለቅሞ፣ ከምሮ፣ በቃለ ጉባኤ አጽድቆታል።

ውሳኔው የሚከተለው ነው። አቶ ነገ የእድሳት ማመልከቻ በጊዜው አስገብተው ስለ ነበር አሥራ ስድስት ቁጥር ጊዜ ተሰጠው። የእድሳት ማመልከቻ ያላስገባነው ቸልተኞች ግን ለመንገደኛ አደጋ ስለሆንን እንድንፈርስ ታዘዘ። እኔ የሚታደስ ነገር ስለሌለኝ ማመልከቻ አልጻፍኩም፤ ስላልጻፍኩም እፈርሳለሁ። የፈረሰው ማመልከቻውን ተደግፎ ይቆማል። በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ፤ በጎረቤት ጣሪያ የጎረቤት ቤት ሲወድቅ ግን በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አራተኛ፦ ይህን ተራ ቁጥር ሆን ብዬ ባዶ ትቼዋለሁ። በጽሕፈት ቤትዎ ልማድ መሠረት ሦስተኛው በዚህም ቦታ ተደግሞ እንዲታይልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አምስተኛ፦ ስለ ላካችኋቸው ሁለት ትሑት ሠራተኞች አመሰግናለሁ። ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዘው መጡ። ታናሽየው ወረቀቱን አየ፣ ቤቴን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየና፣ «አባባ፣ ቤቱ ፈርሷል ይላል እኮ» አለኝ። ቀና ብሎ እንዲያየው ብነግረው «እሱንማ አየሁት፤ ወረቀቱ ላይ ግን እንዲህ አይደለም» አለ። ታላቅየው በበኩሉ ዛፉን የት እንዳደረስኩት መረመረኝ፤ ያለ ፈቃድ ቆርጬው ከሆነ ሌላ ጥፋት እንደሚሆንብኝም አስጠነቀቀኝ። ከዚያም ከልቡ እያዘነ የበሩን መቃን በቀይ ቀለም ምልክት አደረገበትና «አይዞዎት፣ ዘይት ቀለም አይደለም፣ በውሃ ይለቃል» ብሎ አጽናናኝ። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ቀለሙ በውሃ መልቀቁ ስለሚሰጠኝ ጥቅም እስከ ዛሬ እያሰላሰልኩ ነው።

ክቡር ሆይ፤ እዚህ ላይ ቀልዱን ጥቂት ገታ ላድርገው።

የባለቤቴ ዓይን ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ቤት ውስጥ ግን ዓይነ ስውር አይደለችም። የደረጃውን መደገፊያ በአንድ ጣቷ እየነካች ትወርዳለች። የትኛው ሳንቃ እንደሚንጫጫ እግሯ ያውቀዋል፤ እኔ ተኝቼ ከሆነ እርሱን ዘልላ ታልፋለች። ሻይ አፍልታ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ታቀርብልኛለች። የመስኮቱን ጠርዝ ዳብሳ «መሸ እኮ፣ ፀሐይዋ እዚህ ደርሳለች» ትለኛለች። ከበሩ የወጣች ዕለት ብቻ ነው ዓይነ ስውር ሆና ክንዴን የምትይዘው። ሠራተኞቹ በሄዱበት ጠዋት ከልብስ ሰፊዋ ዘንድ ላመጣት ሄጄ ስንመለስ እንደ ልማዷ መቃኑን ዳብሳ ስትገባ ጣቶቿ ረጠቡ። «ማነው በሩን የቀባው?» አለችኝ። ቀለም ልናድስ እንደሆነ ነገርኳት። «አንተ? ቀለም? ለልጃችን ሠርግ እንኳ ያላደስከውን!» ብላ ሳቀችና ጣቶቿን እያሸተተች፣ «ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አለች።

«ነጭ» አልኳት።

በሐሰት ምስክርነት የተቀጡ ሰዎችን ስም ስመዘግብ የኖርኩ ሰው በስተርጅናዬ ለገዛ ሚስቴ የሐሰት ቃል ሰጠሁ። ለሌላው ሁሉ የምስጋና ቃል አግኝቻለሁ፤ ለዚህ ግን አላገኘሁም።

በምትክ ያዘጋጃችሁልን ክፍል ከከተማው ጫፍ በአራተኛ ፎቅ ላይ እንደሚገኝ ደብዳቤያችሁ ያስረዳል፤ ንጹሕና አየር እንደ ልብ የሚገባበት እንደሆነም ይናገራል። አላጠራጥርም። ባለቤቴ በዚያ ንጹሕ ክፍል ውስጥ የቀረ ዕድሜዋን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ውሃ እንኳ እስኪያቀብሏት እየጠበቀች ትጨርሰዋለች። የምታፈርሱት የድንጋይ ቤት መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ የምታጠፉት የእርሷን የቀረ ብርሃን ነው።

ስድስተኛ፦ በጽሕፈት ቤትዎ ስለ ተደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ምክትልዎ ጉዳዩን ካዳመጡ በኋላ «መረጃው ትክክል ነው፤ የሚታየው ብቻ ነው የተሳሳተው» ብለው አረጋገጡልኝ። እንግዲያው የሚታየውን ብቻ እንዲያፈርሱልኝ ብጠይቃቸው ወደ እርስዎ መሩኝ። እርስዎም ክቡርነትዎ አላሳፈሩኝም። ያን ከባድ የተባለውን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትሜ ጠረጴዛዎ ላይ ስዘረጋው መነጽርዎን አጥልቀው ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱትና፣ «ግሩም ቤት ነው! የማን ነው?» አሉኝ። የእኔ መሆኑን ስነግርዎ ሪፖርቱን ገልጠው ጣትዎን በበለስ ዛፉ ላይ አሳረፉና «የእርስዎማ ይሄ ነው» አሉ። በመስኮቱ በኩል አንዴ ዞር ብለው እንዲያዩ ብለምንዎ ፀሐይ ዓይንዎን እንደሚወጋዎ ነገሩኝ። በሰላምታዬ ለዓይንዎ የተለየ ብርታት የተመኘሁት ይህን አስታውሼ ነው።

በመጨረሻ የሰጡኝ መልስ ግልጽ ነበር። ሪፖርቱ እንዲታረም ኮሚቴው መቀመጥ አለበት፤ ኮሚቴው ደግሞ የሚወስነው በሪፖርቱ ላይ የሚታየውን ተመልክቶ ነው። እንዲህ ያለ ክብ ነገር በተማሪነቴ በኮምፓስ እንኳ አስተካክዬ ለመሣል ተቸግሬ ነበር። አፍራሾቹ የሚመጡት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ኮሚቴው የሚቀመጠው ግን በወሩ መጨረሻ ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሰኞ በፊት ከወንበርዎ ተነሥተው፣ የልብስ ሰፊዋን በር አልፈው፣ እጅዎን የቤቴ ግንብ ላይ ያሳርፉ። ማየት የግድ አይደለም። ባለቤቴም ያለ ዓይን ነው የምታውቀው። ድንጋዩ እጅዎ ሥር ካለ ቤቱ አለ ማለት ነውና፣ ባለሙያዎ ያችን የጎደለች አንዲት መስመር ይጽፉ ዘንድ ይፍቀዱላቸው።

ይህን ታላቅ ውለታ ከእርስዎ እጅ ለመቀበል በጉጉት እየተጠባበቅሁ፣ በክቡርነትዎ ፊት በትሕትና ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ዝቅ ያልኩት ለአክብሮት እንጂ ጣሪያው ተጭኖኝ እንዳልሆነ ይመዝገብልኝ።

አክባሪዎ፣
በቁጥር አሥራ ሰባት፣ በመልክ አሥራ ስድስት የሆነው ቤት ባለቤት፤
ጡረተኛ ሬጅስትራር።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ሌላ ምስጋና የዘነጋሁ እንዳይሆን ሪፖርታችሁን እንደገና ገለጥኩት። ከእኔ ቀጥሎ አሥራ ስምንት ቁጥር የልብስ ሰፊዋ ቤት ነው፤ ለእርሷም የበለስ ዛፍ በቅሎላታል። በሚቀጥለው ገጽ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር አለ፤ ባለ ሰማያዊ መስኮቱ፣ የክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ የመንገዱን ቤት ሁሉ ፎቶግራፍ የሰበሰበው መሥሪያ ቤት የራሱን ማንሣት ረስቷልና፣ ያ ማዕዘን የአቶ ነገን ፍርስራሽ እንዳቀፈ እናንተ ዘንድ ደርሷል። የእድሳት ማመልከቻም አላስገባችሁም። ስለዚህ ሕንፃችሁ እንዲፈርስ በእርስዎ ፊርማና ማኅተም ጸድቋል፤ ማስጠንቀቂያውም በገዛ መዝገብ ቤትዎ ገቢ ደብዳቤዎች መካከል ተኝቷል። ቀዩ ምልክት በራችሁ መቃን ላይ ካረፈ ሰንብቷል፤ ሠራተኞችዎ ሕንፃው ቀለም ሊታደስለት ነው ብለው ደስ ብሏቸዋል።

የአፍራሾቹን አለቃ አነጋግሬዋለሁ። ትልቁ ማሽን በታችኛው የመንገዱ ጫፍ በኩል ብቻ ስለሚገባ ሥራው ከአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ይጀመራል። ሕንፃው ሰው የሚሠራበት መሥሪያ ቤት መሆኑን ባስረዳው «አባባ፣ እኔ ወረቀቱ ያለውን ነው የማፈርሰው» አለኝ። ስሕተቱ እንዲታረም ከፈለጉ መንገዱን አስቀድመው ነግረውኛል፤ ኮሚቴው መቀመጥ አለበት። የሚቀመጥበት አዳራሽ ግን እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው።

ሰኞ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ሦስት ወንበር አወጣለሁ። አንዱ የባለቤቴ ነው፤ እርሷ በጆሮዋ ታያለች። አንዱ የእኔ ነው። ሦስተኛው ለክቡርነትዎ ነው፤ ከዚያ ላይ ሆነው መስኮትዎ የነበረበትን ቦታ ያለ መጋረጃ ያዩታል።